ማተብ የታሰረላት ሮኬት

ባለፈው ሐሙስ ወደ ማታ፣ ፀሐይ ጠልቃ ሰማዩ ገና ሳይጨልም፣ እዚህ ካሊፎርኒያ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ለአራተኛ ጊዜ ስዞር ከፊቴ ያለችው መኪና መሐል መንገድ ላይ ቆመች። ጥሩምባ ነፋሁ። ሹፌሯ ልጅ ግማሽ አካሏን በመስኮት አውጥታ ስልኳን ወደ ሰማይ ደግናለች። ቀና ብዬ ባይ ያው ነው፤ ሮኬት። በመኪና ሦስት ሰዓት ከሚርቀው ከሰሜኑ የባሕር ዳርቻ የተተኮሰ፣ ነጭ ጭራውን እንደ ተፈታ ነጠላ እየበተነ ወደ ደቡብ የሚሄድ። ድሮ ለአንድ ሮኬት አገር ሁሉ ትንፋሹን ይይዝ ነበር። አሁን እንደ ከተማ አውቶቡስ ይመላለሳል፤ እንደ አውቶቡሱም ሰዓቱን አያከብርም። ዛሬ ነው ይሉና ነፋስ ከለከለን ብለው ለነገ ያዛውሩታል፤ ነገ ደግሞ አንድ ጀልባ የተከለከለ ባሕር ውስጥ ገባ ብለው ለሌላ ቀን። ሰዉም ቢሆን እውነተኛው በአናቱ ላይ እያለፈ፣ በመዳፉ ላይ ያለውን ትንሹን ነው የሚያየው። ጨጓራዬን የሚልጠው ይሄ ነው።

መኪናዬን ሦስት መንገድ አልፌ ከአንድ ጥርስ ሐኪም ቤት ጀርባ አቁሜ በእግሬ ስመለስ፣ የበርበሬና የሽሮ ሱቁ ደጅ ላይ ሰው ተሰብስቧል። መሐላቸው በፕላስቲክ ወንበር ላይ እትዬ ዘነበች ተቀምጠዋል። ሱቁ የእህታቸው ልጅ ነው፤ ክሬንሾው ካለው የአረጋውያን አፓርታማቸው በሳምንት ሁለት ቀን እያመጣች እዚያ ታስቀምጣቸዋለች። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ጉልበታቸው እንጂ ምላሳቸው አላረጀም። ጣታቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው፣ ስንት ዓመት ሙሉ የሰማሁትን ያንኑ ነገር ይናገራሉ።

«የኔም እዚያው ናት! ማተብ አስሬላት ነው የላክኋት!»

«ዌይት፣ ዌይት» አለች ቤዛ። ቤዛ ከጎን ያለው ሬስቶራንት ባለቤት ልጅ ናት፤ እዚሁ የተወለደች፣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ እያስቀመጠች ቪዲዮ የምታነሣ። «እትዬ፣ እውነት ማተብ? ላይክ፣ ሮኬት ላይ?»

«አዎና! በገዛ እጄ። ክፍሌ ምስክሬ ነው፤ ጠይቂው።»

የተሰበሰበው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ስልኩም ዞረ።

«ጋሼ ክፍሌ፣ አብራችሁ ነበር አይደል የምትሠሩት? ሶ የትኛዋ ሮኬት እንደሆነች ታውቃለህ። ስሟንና ዓመቱን ብቻ ንገረኝ፣ ሰርች አደርገዋለሁ። ቪዲዮውን ሰንዴይ ፖስት ማድረግ ነው የምፈልገው።»

ጋሼ ብላ በዚያው ትንፋሽ አንተ ትለኛለች። እሱንስ ድሮ ትቼዋለሁ። «ረሳሁት» አልኳት። ውሸቴን ነው። ስሟንም ቀኗንም የተነሣችበትን ሰዓትም አልረሳሁም። ያቺ ሮኬት ሰማይ አልደረሰችም። በተነሣች በጥቂት ደቂቃ መንገዷን ስታ፣ ሰው ላይ እንዳትወድቅ ብለው ባሕሩ ላይ አፈንድተዋታል። እትዬ ዘነበች ይህን አያውቁም። ማተቧን አይቼ እንዳላየሁ ሆኜ ያሳለፍኩት፣ ደህና ናት ብዬ ማኅተሜን የመታሁባት ደግሞ እኔ ነኝ። እሳቸው በየመንገዱ እዚያ ናት ባሉ ቁጥር፣ እኔ ውስጥ እንደገና ትወድቃለች። እና አሁን ይቺ ልጅ ስልኳን ሁለት ጊዜ ነካ ብታደርግ ሁሉንም ታገኘዋለች።

ሥራ ቤታችን በርባንክ ከተማ ነበር፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀርባ፣ በአንድ ጎማ ጠጋኝና በአንድ የመጋረጃ ሱቅ መሐል የተሸጎጠ፣ ከውጭ ሲያዩት የእህል መጋዘን የሚመስል ቤት። ዘመኑን በቁጥር አልናገርም። ቤንዚን ከአንድ ዶላር በታች ነበር። የወንዱ ሱሪ ከታች እየጠበበ፣ የሴቱ ኮት ትከሻው ላይ ጥጥ እየታጨቀበት የመጣበት ጊዜ ነው። እትዬ ዘነበች ያኔ አርባ ምናምን ናቸው፤ ከታጨቀው ጥጥ የተነሣ በበር ሲገቡ ጎናቸውን የሚያስቀድሙበት ቀይ ኮት ነበራቸው። ከኦሎምፒክ መንገድ ጥግ፣ የጠበቃ ፎቶ የተለጠፈበት የአውቶቡስ አግዳሚ ላይ ጠዋት ጠዋት ይጠብቁኛል። እኔ ባለ መኪና ነኝ፤ ቡናማ፣ የኋላ በሯ በገመድ የታሰረ መኪና። ገብተው ሳይቀመጡ ካሴቱን ይከፍታሉ። ካሴቱ ከመደጋገም ብዛት ተስቦ ዘፋኙ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ድምፁን ይጎትታል። እሳቸው ግን አብረውት እየጎተቱ ይዘፍናሉ። አንድ ቀን አዲስ ካሴት ገዝቼ ብከፍትላቸው «ምን ያጣድፈዋል?» ብለው አስጠፉኝ።

ፌርፋክስም ያኔ ሌላ ነበር። ትንሿ ኢትዮጵያ የሚል ታፔላ በማንም ሐሳብ አልነበረም። አሮጌ ወንበርና የግድግዳ ሰዓት የሚሸጡ ሱቆች፣ አንድ ልብስ ሰፊ ሽማግሌ፣ ዓርብ ዓርብ የተጎነጎነ ዳቦ የሚያወጣ ዳቦ ቤት፣ ከነሱ መሐል አንድ ያበሻ ምግብ ቤት፤ ቆይቶ ሁለት። መኪና የትም ይቆማል። አሁን በአንድ ምሳ ሰዓት ከምበላበት ጊዜ ይልቅ ቦታ ፍለጋ የምዞርበት ይበልጣል፤ ያገኘሁት ቦታ ላይ ያለውን የታፔላ ጽሑፍ ለማንበብ ደግሞ መነጽር ብቻ ሳይሆን ጠበቃ ያስፈልጋል። ይሄን ስናገር ወጣቶቹ ይስቃሉ። ይሳቁ፣ ምን ቸገራቸው፤ እነሱ ምግባቸውን በስልክ ያስመጣሉ።

የምንሠራው የሮኬት ሽቦ ነው። ሮኬት ውስጥ እንደ ሰው ሥጋ ደም ሥር አለ፤ መቶ ምናምን ቀጫጭን ሽቦ አንድ ላይ ተጠቅሎ፣ በየአውራ ጣቱ ስፋት ሰም በጠጣ ነጭ ክር ይታሰራል። ቋጠሮው ከላላ ሽቦው ሲንቀጠቀጥ ይላላጣል፤ ከጠበቀ ቆዳውን ይቆርጠዋል። አሜሪካኖቹ ሴቶች ይህን ለመልመድ ወራት ሲፈጅባቸው እትዬ ዘነበች በሳምንት ውስጥ ቁጭ አደረጉት። አገር ቤት የሰፈሩን ሙሽራ ሁሉ ሹሩባ የሚሠሩ እሳቸው ነበሩ፤ ጣታቸው ሳያዩት ያውቃል። እኔ ሁለት ዓመት ኮሌጅ ስለተማርኩ ነጭ ጋውን አልብሰው ተቆጣጣሪ አደረጉኝ። ማጉያ መነጽር፣ ወረንጦ፣ የራሴ ቁጥር ያለበት ትንሽ ማኅተም ሰጡኝ። ያቺ ማኅተም ካረፈች በኋላ ጥፋት ቢመጣ ጥፋቱ የሠሪው ብቻ አይደለም፣ የኔም ነው።

ምሳ የምንበላበት ክፍል ግድግዳ ላይ የሥራ ቤቱ ባለቤት ትልቅ የዓለም ካርታ ሰቅሎ ነበር። ሮኬት በሚነሣበት ቦታ ሁሉ ቀይ መርፌ ሰክቶበታል፤ እኛ የሠራንለትም ያልሠራንለትም። ባለቤቱ ጡረታ የወጣ የባሕር ኃይል ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ አፉ ዳቦ እንደሞላ ማስተማር ይወዳል። ፍሎሪዳ እዚህ፣ የኛው ካሊፎርኒያ እዚህ። ደቡብ አሜሪካ ጫካ ውስጥ ፈረንሳዮች የሚተኩሱበት ኩሩ፣ በካዛኮች ሜዳ ላይ ሶቪየቶቹ የሚተኩሱበት ባይኮኑር፣ በጃፓን አንዲት ደሴት። ከኬንያ ዳርቻ፣ ማሊንዲ አጠገብ፣ ጣሊያኖች ባሕር ላይ እግሯን ተክለው ያቆሟት መድረክም ነበረች፤ እሷን ሳይ ጎረቤት እንዳገኘሁ ደስ ይለኝ ነበር። እኔ እየተረጎምኩ እትዬ ዘነበች ያዳምጣሉ። ለእያንዳንዱ መርፌ አንድ ጥያቄ ብቻ አላቸው፤ «እዚያ ቤተ ክርስቲያን አለ?» ይህንን ለባለቤቱ መተርጎም ሰልችቶኝ በኋላ ዝም ብዬ «አለ» እላቸው ነበር። ጫካውም ውስጥ፣ ባሕሩም ላይ።

ይህንን ያህል ስለ መርፌዎቹ የማወራው አሁንም ስለማይለቀኝ ነው። ሰሞኑን ካፌው በረንዳ ላይ ጡረተኞቹ ተሰብስበው፣ ኢትዮጵያ ለምን የራሷ ማስወንጨፊያ አይኖራትም ብለው ሲከራከሩ አገኘኋቸው። አንዱ፣ ሠላሳ ዓመት ታክሲ የነዳ ሰውዬ፣ «እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፣ ተራራ አለን፣ ግማሹን መንገድ ጨርሰናል እኮ!» ይላል። ሌላው «አፋር በረሃ ኦኬ ነው፣ ሰፊ ነው» ይላል። ዝም ማለት ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። ከምድር ወገብ አጠገብ መሬት ስትዞር ወደ ምሥራቅ እንደምትገፋ አስረዳኋቸው። ስለዚህ ሮኬቱም ወደ ምሥራቅ ነው የሚሄደው። ኩሩ ምሥራቁ ውቅያኖስ ነው። ፍሎሪዳ ምሥራቁ ውቅያኖስ ነው። የኛ የካሊፎርኒያው በዋልታዎቹ ላይ የሚያልፈውን ሳተላይት ስለሚልክ ወደ ደቡብ ይተኩሳል፤ እዚያም ያለው ባሕር ነው። የአፋር ምሥራቅ ግን ሰው አለበት፣ ከብት አለበት፣ ቤት አለበት። ማስወንጨፊያ ቦታ የሚመረጠው ለመውጣት አይደለም፣ ቢወድቅ የት ይወድቃል ተብሎ ነው አልኳቸው። ታክሲ ነጂው አየኝና «አንተ ሁልጊዜ ስለ መውደቅ ነው የምታወራው» አለኝ። ቡናዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ወደ ማተቡ ልመለስ። ሥራ ቤታችን ውስጥ ከሁሉ የከበደው ሕግ ባዕድ ነገር እንዳይገባ የሚል ነበር። ቀለበት ይወልቃል፣ ሰዓት ይወልቃል፣ ፀጉር በመረብ ይሸፈናል። አንዲት የወደቀች ፀጉር ብትገኝ ሥራው ይቆማል። አንድ ቀን ባለቤቱ የእትዬ ዘነበች ማተብ ከጋውናቸው ወጥቶ ሽቦው ላይ ሲንጠለጠል አየና እንዲያወልቁት ንገራቸው አለኝ። ነገርኳቸው።

«አንገቴን ቁረጠው በለው» አሉ።

«ከልብሷ ውስጥ ታስገባዋለች፣ ይቅርታም ትጠይቃለች» ብዬ ተረጎምኩ። ዳኛ ፊት ቢያቀርቡኝ እንኳ ከዚያ የተሻለ መተርጎም አልችልም ነበር።

የዚያች ሮኬት ሥራ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ትልቅ ሥራ ነበር፤ ዋናውን ጥቅል እትዬ ዘነበች ብቻቸውን ከመጀመሪያው ክር እስከ መጨረሻው ሠሩት። መኪናው በር ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ሊወስደው ቆሞ፣ እኔ በማጉያ መነጽሬ ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ ስቆጥር፣ ከአንዱ ነጭ ቋጠሮ ስር የምትታይ ጥቁር ክር አየሁ። ከዓይን ሽፋሽፍት አትበልጥም። የአሜሪካን ተቆጣጣሪ ሁሉ ቢሰለፍ ምን እንደሆነች አያውቃትም። እኔ ግን ወዲያው አወቅኋት። እትዬ ዘነበችን እጅ በሚታጠብበት በኩል ጠራኋቸው።

«እትዬ፣ ይሄ ጥቁር ክር ምንድን ነው?»

«እሱማ ማተቧ ነው።»

«የማን ማተብ?»

«የሷ ነዋ። ሰማንያ ቀን ሠራኋት፣ ቆጥሬያለሁ። በሰማንያ ቀን ክርስትና የምትነሣ ሴት ናት። ያንን ሁሉ መንገድ ያለ ማተብ ልትሄድ ነው? የሰው ልጅ ብትሆን ትልካታለህ?»

«የሰው ልጅ አይደለችማ! ሽቦ ናት! እርስዎ ሴትዮ ሊያስባርሩኝ ነው ወይ?»

ድምፄን ከፍ አድርጌባቸው አላውቅም ነበር። አልደነገጡም። ከጋውኔ ኪስ ውስጥ መቀሴን አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

«እንግዲያው ቁረጠዋ። የክርስቲያን ልጅ አይደለህ? ማተብ በጥስ።»

ተመልሼ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጥኩ። መቀሱን ከክሯ ስር አስገባሁ። ሕጉ ቁረጥ ይላል፣ ቆርጠህም ሪፖርት አድርግ ይላል። ሪፖርት ካደረግኩ እትዬ ዘነበች በዚያው ቀን ከሥራ ይወጣሉ። ሳልናገር ብቆርጥ ማንም አያውቅም። ክሯ ጥጥ ናት፣ ቋጠሮው ስር ጥብቅ ብላለች፣ የትም አትደርስም፣ ማንንም አትነካም እያልኩ ለራሴ ተሟገትኩ። ይህ ሁሉ እውነት ነበር። ያልቆረጥኩት ግን በዚህ ምክንያት አይደለም። እጄ እምቢ ስላለኝ ነው። እናቴ አንገቴ ላይ ያሰረችውን እንኳ በጥሼ ከጣልኩ ስንት ዓመት ሆኖኝ፣ የሽቦዋን መበጠስ አቃተኝ። ማኅተሜን መታሁባት። መኪናው ወሰዳት።

የተነሣችበት ቀን እትዬ ዘነበች አልነበሩም፤ ሎንግ ቢች ያለች እህታቸው ወልዳ አራስ ሊጠይቁ ሄደው ወር ሙሉ ቆይተዋል። ባለቤቱ ለሠራተኛው ጣፋጭ ዳቦ በሣጥን ገዝቶ ሬዲዮ ከፍቶ ነበር። ከዚያ የሬዲዮው ሰውዬ ድምፅ ተለወጠ። ባለቤቱ ሬዲዮውን አጠፋና ወደ ቢሮው ገባ። ጣፋጩን ማንም አልነካው፤ ሣጥኑ እስከ ማግስቱ እንደተከፈተ ቆየ። ከወራት በኋላ ደብዳቤ መጣ፤ ጥፋቱ የአንድ የነዳጅ ቫልቭ ነው፣ ከእናንተ ሽቦ ጋር አይገናኝም የሚል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የጥጥ ክር ቫልቭ እንደማይዘጋ አውቃለሁ። ሰው ጠይቆኝ ቢሆን ይህንኑ በሥዕል አስረዳው ነበር። ለራሴ ግን ማስረዳት አልቻልኩም።

አንድ እሑድ ብቻዬን ወደ ሎምፖክ ነዳሁ፤ ማስወንጨፊያው አጠገብ ያለች፣ አበባ በማሳ የሚዘራባት ትንሽ ከተማ ናት። ቦታውን ባየው ይቀለኛል ብዬ ይሆናል። ባሕሩ ዳር ደርሼ ከመኪና ስወርድ ጉም ከእግሬ ጫፍ ወዲያ ያለውን ሁሉ ውጦታል። ማማ የለ፣ ባሕር የለ፣ ድምፅ ብቻ። ያን ያህል መንገድ ተነድቶ ጉም! አንድ ዓሣ አጥማጅ ሽማግሌ ባልዲውን ይዞ ከጉሙ ውስጥ ወጣና «ዛሬ ምንም የለም» አለኝ። ስለ ዓሣው ይሁን ስለ ሮኬቱ አልጠየቅኩትም። መኪናዬ ውስጥ ቀዝቃዛ ሳንድዊቼን በልቼ ተመለስኩ።

እትዬ ዘነበች በወሩ፣ ደብዳቤው ገና ሳይመጣ፣ ከሎንግ ቢች ሲመለሱ እዚያው አግዳሚ ላይ፣ በዚያው ቀይ ኮት ጠበቁኝ። ገብተው እንደተቀመጡ «ሄደች?» አሉኝ። «ሄደች» አልኩና ካሴቱን ራሴ ከፈትኩት። እሳቸው በዚያ ቀን አልዘፈኑም። በሳምንቱ ግን ለጎማ ጠጋኙ ሚስት ሲነግሩ ሰማኋቸው፤ ማተብ ያሰርኩላት እዚያ ላይ ናት ብለው። ከዚያ በኋላማ ማን ያቆማቸዋል። ሠርግ ላይ ይናገራሉ፣ ልቅሶ ቤት ይናገራሉ፣ ክርስትና ላይ ይናገራሉ። ሥራ ቤቱ ተዘግቶ ቦታው አፓርታማ ከሆነ በኋላም አላቆሙም። ሁልጊዜም እኔ ባለሁበት ነው፤ ሁልጊዜም «ክፍሌ ምስክሬ ነው» ይላሉ። እኔም ራሴን እነቀንቃለሁ። አንድ ጊዜ ይሄን ወሬ ላስቆም ብዬ፣ ባይኮኑር ላይ ቄስ ጠበል እየረጨ ሮኬት እንደሚባርክ አንብቤ ለቀልድ ነገርኳቸው። «አየህ! ለነሱስ ገብቷቸዋል!» አሉና ይሄንንም ወሬያቸው ላይ ጨመሩት። አንዳንዴ ከንዴቴ የተነሣ ከሩቅ ሳያቸው መንገድ እሻገራለሁ። ይህን መናገሬ ያሳፍረኛል፣ ግን እውነት ነው።

ዓርብ ዕለት ቤዛ በስልኬ ጻፈችልኝ። «ጋሼ፣ በዚያ ጊዜ አካባቢ ሦስት ሮኬት አገኘሁ። አንዷ ግን ፌይል አድርጋለች። የኛዋ የትኛዋ ናት?» ቀኑን ሙሉ አልመለስኩላትም። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ክሬንሾው ነዳሁ። ሰው ስልክ ላይ አይቶ ከሚነግራቸው፣ እኔው ብነግራቸው ይሻላል ብዬ ነው። እውነቱን ለመናገር ሰማንያ አራት ዓመት የሞላት ሴት እንዴት ትችለዋለች የሚለው ሲያስጨንቀኝ ነው ያደረው።

እትዬ ዘነበች መስኮታቸው አጠገብ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ሻይ ላምጣ ሳይሉኝ በፊት፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ተናገርኩ።

«እትዬ፣ ያቺ ሮኬት ወድቃለች። ባሕር ውስጥ። ያኔውኑ። ዋሽቼዎት ነው።»

ምስሩን መልቀም አላቋረጡም።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ምኑን?»

«ወድቃለቻ። ሎንግ ቢች አራስ ቤት ቴሌቪዥን አልነበረም መሰለህ? በዓይኔ ነው ያየኋት። ሦስቴ መላልሰው ነው ያሳዩን።»

ያ የሠላሳ ምናምን ዓመት ንዴት ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣ።

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን እዚያ ናት፣ እዚያ ናት እያሉ በየሠርጉ ያሳበዱኝ ምን ሆነው ነው? ለምንድን ነው እኔን ምስክር የሚጠሩኝ? ምን በድዬዎታለሁ?»

«ጩህ። ጩህ፣ እሱን ነው የምፈልገው» አሉና ትሪውን ከጭናቸው ላይ አወረዱት። «ያን ቀን መኪናህ ውስጥ ገብቼ ፊትህን አየሁት። ሄደች አልከኝ። ልጁ ጥፋቱን በራሱ ላይ አደረገ አልኩ። እዚያ ናት እያልኩ ፊትህ ካልዋሸሁ በቀር ይሄ ሰው አይናገርም አልኩ። አንድ ቀን ተነሥተህ፣ አንቺ ውሸታም፣ ወድቃለች፣ ጥፋቱም ያንቺ ነው ትለኛለህ፤ እንጣላለን፣ ይወጣልሃል፣ እንታረቃለን ብዬ። አንተ ግን ምን ይጎትትሃል፣ ራስህን ነቅንቀህ ዝም! እኔስ አልሰለቸኝም? አንድ ወሬ ስንት ዓመት ይወራል? እዚህ ሰፈር ሰው ሲያየኝ የሚሸሽ አለ እኮ ባንተ የተነሣ!»

«ክሯን ያሰሩት እርስዎ፣ ያሳለፍኳት እኔ፤ ታዲያ እርስዎን አልጸጸተዎትም?» አልኳቸው።

«እንዴት አይጸጽተኝም! ሰው አልሞተባትም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን እኔ በዚያው ሳምንት ነፍስ አባቴ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስግደት ሰጡኝ፣ ሰግጄ ጨረስኩ። እስከ ዛሬ የምትሰግደው አንተ ነህ።»

አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ተናድጃለሁ፤ በሳቸው፣ በራሴ፣ መንገድ እየተሻገርኩ በሸሸኋቸው ቀናት ሁሉ። ከዚያ የስድሳ ዘጠኝ ዓመት ሽማግሌ መሆኔን ረስቼ አለቀስኩ፤ ድምፅ አውጥቼ፣ እንደ ሕፃን። እትዬ ዘነበች አላባበሉኝም፤ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ ትሪያቸውን ወደ ጭናቸው መለሱት።

«ለቤዛ ምን ልበላት?» አልኳቸው አፍንጫዬን እየጠረግኩ።

«ባሕር ውስጥ ናት በላት። ማተቧን ሳትበጥስ።» አንዲት ጠጠር ከምስሩ ውስጥ ለቅመው መስኮቱ ላይ አስቀመጡና አዩኝ። «አንተም በቃህ፣ ክፍሌ። ጨርሰሃል።»